መንገዱ ማንን ጠቀመ? ለቀበሌና ለማኅበር ሰዎች የአለካክ መመሪያ

መንገድ በተመረቀ ቁጥር የሚነገረው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። ገበሬው ምርቱን በቀላሉ ገበያ ያወጣል፣ ነፍሰ ጡሮች በቃሬዛ መጓዝ ይቀርላቸዋል፣ ወረዳዋ ትለማለች። ከዚያ ሪባን ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እንግዶቹም በመጡበት መኪና ይመለሳሉ። ሁለት ሦስት ዓመት አልፎ "እውነት ለማች ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን መልስ ያለው ሰው አይገኝም። አንዱ "ድሮ ይሻል ነበር" ይላል፤ ሌላው "ዐይናችሁን ግለጡና እዩ፣ ቆርቆሮ ቤቱ በዝቷል" ይላል። ሁለቱም በእጃቸው ቁጥር የለም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰሜን ሸዋ ገበያዎች ዋጋ ስመዘግብ የኖርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሥራው የተከበረ አልነበረም፤ ገበያ ወጥቶ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የበግ ዋጋ እየጠየቁ ቅጽ መሙላት ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ሳለሁ፣ መንገድ የገባላቸው ወይም ሊገባላቸው የተቃረቡ ቀበሌዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች እየመጡ "ለምክር ቤት የምናቀርበውን ጽፈሽ ስጪን" ይሉኛል። ጽፌ አልሰጥም፤ አለካኩን አሳያቸዋለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር፣ ገበያ መዋል የማይሰለቻቸው ሁለት ወጣቶችና ቢያንስ የአንድ ዓመት ትዕግሥት ነው።

ከሁሉ በፊት ጥያቄውን አስተካክሉ

"መንገዱ ልማት አመጣ ወይ?" የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። መንገድ በራሱ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ የመሄጃውን ወጪ ይቀንሳል። ወጪ ስል ብሩን ብቻ አይደለም፤ የሚጠፋው ሰዓትና መንገድ ላይ የሚበላሸው ዕቃም ወጪ ነው። የተቀነሰው ወጪ አየር ላይ አይቀርም፤ የሆነ ሰው ኪስ ይገባል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የማን ኪስ እንደሆነ ነው። የገበሬው ነው? የእህል ነጋዴው? የአይሱዙው ባለቤት? ወይስ አዲስ አበባ ተቀምጦ እህሉን የሚገዛው ሰው?

መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች የሚኖሩ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ የጠየቀ ጥናት ነበር። ከመንደሮቹ መካከል በአንኮበር በኩል ያለችው ዲንኪና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ መንደሮች ይገኙበታል፤ ስለዚህ የሚያወራው ስለ ራሳችን ሰዎች ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት የቤተሰብን የፍጆታ ዕድገት በ16.3 መቶኛ ነጥብ ከፍ እንደሚያደርግ፣ ድህነትንም በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። በሕንድ ስለ ገጠር መንገዶች የተደረገው ሰፊ ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ፤ መንገዱ ሰዎች ከእርሻ ወጥተው ሌላ ሥራ እንዲይዙ ረዳ እንጂ በእርሻው ምርትና በቤተሰቡ ሀብት ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበር። በሴራሊዮን ደግሞ በተጠገኑት መንገዶች ዳር ባሉ ገበያዎች የአካባቢው ሩዝና ካሳቫ ዋጋ ወረደ። ለበላተኛው ደግ ነው፤ ለሻጩ ግን ደግ ነው ለማለት ሌላ ሒሳብ ይፈልጋል።

እኛ አገር የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የመንገዱ ርዝመት በጠቅላላ 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ110,000 አልፏል። ከጭማሪው ብዙው አስፋልት አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሰዉ "ዩራፕ" እያለ በሚጠራው ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት የተሠራ የወረዳ ጠጠር መንገድ ነው። እናንተም የምትለኩት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ?

መንገድ ያልገባላት አንዲት ቀበሌ ምረጡ። ከፍታዋ፣ አፈሯና የምታመርተው እህል የእናንተን የሚመስል ይሁን፤ ደጋ ከቆላ አታወዳድሩ። በሁለቱም ቀበሌ በአንድ ሳምንት፣ ስለ አንድ ዓይነት ነገር ጠይቁ። የእናንተ ቀበሌ ዋጋ ከፍ ብሎ የዚያችኛዋም በዚያው ልክ ከፍ ካለ ለውጡን ያመጣው ዝናቡ፣ ነዳጁ ወይም የብሩ ዋጋ ነው፤ መንገዱን አታመስግኑት። የመንገዱ ውለታ በሁለቱ መካከል አዲስ የተፈጠረው ልዩነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መንገድ በዕጣ አይታደልም። ብዙ ጊዜ የሚገባው ድሮም ደህና ገበያ ወዳለበት፣ ወይም ተሰሚነት ያለው ሰው ወደተወለደበት ነው። ስለዚህ "መንገድ ያላቸው ቀበሌዎች ሀብታም ናቸው" ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ሀብታም ስለነበሩ መንገድ አግኝተው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የፊቱን ከአሁኑ ጋር ማስተያየት ነው።

የፊቱ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሰዎች በቃል የሚነግሯችሁን የድሮ ዋጋ አትመኑ፤ የድሮ ዋጋ በሰው አፍ ሁልጊዜ ርካሽ ነው። ወረቀት ፈልጉ። የማኅበሩ የግዢ ደረሰኝ አለ። የሰበካ ጉባኤው የገቢና የወጪ መዝገብ አለ፤ የተሸጠ የስዕለት በግ፣ ለበዓል የተገዛ ስንዴ፣ ከከተማ የመጣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከነቀኑ ተጽፎበታል። የዕድሩም መዝገብ እንደዚያው። ለተዝካር የተገዛ በሬ ዋጋ በየዓመቱ ተመዝግቦ ካገኛችሁ ከብዙ ቢሮዎች የተሻለ መረጃ ይዛችኋል። ጸሐፊዎቹን በትሕትና ጠይቁ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ገልብጡ፤ መዝገቡን ይዤ ልሂድ እንዳትሉ።

ዋጋውን ተዉት፣ ልዩነቱን ያዙ

የመመሪያው ዋና ነገር ይህ ነው። ሁለት ገበያ ያዙ፤ አንዱ ገበሬው የሚሸጥበት፣ ሌላው እህሉ የሚራገፍበት። ለእነዋሪ ስንዴ ወይም ለአረርቲ ጤፍ ማራገፊያው ብዙውን ጊዜ የአዲስ አበባው እህል በረንዳ ነው። የሁለቱን ዋጋ በአንድ ሳምንት ውሰዱና ቀንሱ። የቀረው ልዩነት ውስጥ ሁሉም ሰው አለ፤ የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ጆንያ፣ ኬላ፣ ደላላ፣ የነጋዴው ትርፍ። እያንዳንዱን ጠይቃችሁ ለየብቻ ጻፉ።

በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው። መንገዱ ሳይገባ ኩንታሉ በአካባቢው ገበያ 5,200፣ አዲስ አበባ 6,000 ብር ነበር እንበል። ልዩነቱ 800 ነው። ከዚህ ውስጥ ማጓጓዣ 250፣ ጫኝና አውራጅ 40፣ ጆንያ 50፣ ኬላ 20፣ ደላላ 40፤ በድምሩ 400። የቀረው 400 የነጋዴው ነው። መንገዱ ገባና ማጓጓዣው ወደ 130 ወረደ፣ ሌላው ባለበት ቆየ፣ አዲስ አበባም 6,000 ላይ ቆመ እንበል። አሁን ወጪው 280 ነው። በአካባቢው ገበያ ዋጋው 5,350 ከሆነ ልዩነቱ 650፣ የነጋዴው ድርሻ 370 ይሆናል። ገበሬው 150 ብር አገኘ ማለት ነው፤ 120ው ከማጓጓዣው የተቀነሰ፣ 30ው ደግሞ ነጋዴዎች ስለበዙና ስለተሻሙ የመጣ። በጣም ጥሩ መንገድ ነው!

አሁን ያንኑ መንገድ በሌላ ወረዳ አስቡት። ማጓጓዣው እንደዚያው 130 ሆኗል፤ የአካባቢው ዋጋ ግን 5,220 ብቻ ነው። ልዩነቱ 780፣ ወጪው 280፣ የነጋዴው ድርሻ 500። ከተቀነሰው 120 ብር ገበሬው 20፣ ነጋዴው 100 ወሰደ። ጠጠሩ ያው፣ ዳምጠው ያው፣ ድልድዩ ያው ነው፤ የሚለየው ገዢዎቹ ስንት መሆናቸው ነው። ስለዚህ በደብተሩ አንድ ዓምድ ላይ በእያንዳንዱ የገበያ ቀን እህል ለመግዛት የመጡ ነጋዴዎችን ብዛት መዝግቡ። መኪናውን አይደለም፤ አራት መኪና መጥቶ አራቱም የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንደሚገዛ ከጫኞቹ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሻይ ጋብዟቸው።

አጠያየቁም ወግ አለው። "ስንት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምትሰሙት የጥሪ ዋጋ ነው። ሻጩ ጆንያውን አራግፎ፣ ብሩን ቆጥሮ፣ መቀነቱን ወይም የውስጥ ኪሱን ከዘጋ በኋላ ጠጋ ብላችሁ "ስንት ሸጡት?" በሉ። ሰዓት ጠብቁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ያለው ዋጋ አንድ አይደለም። ሩቅ ቤት ያለው ሰው እህሉን ይዞ ላለመመለስ ሲል አመሻሹ ላይ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። እንዲያውም የጠዋቱና የአመሻሹ ዋጋ ልዩነት መጥበቡ ራሱ የመንገድ ውጤት ነው፤ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መኪና ካለው አይቸኩልም። ደግሞ ግብር ሰብሳቢ ነሽ ብለው የሚጠረጥሩ አይታጡም። ለዚህ የምመክረው መጠየቂያ ቅጽ ይዞ አለመዞር ነው። ሰምታችሁ፣ ፈንጠር ብላችሁ ጻፉ።

ብር ዋጋው የሚዋዥቅ ገንዘብ ስለሆነ፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ፣ የዘንድሮን ማጓጓዣ ከሦስት ዓመት በፊቱ ጋር በብር ማወዳደር ያሳስታል። በእህል ለኩት። "አንድ ኩንታል አዲስ አበባ ለማድረስ ስንት ኪሎ እህል ይሸጣል?" ብላችሁ አስሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ድሮ 5 ኪሎ ገደማ ይፈጅ የነበረው አሁን 2 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ይህን አባባል ስብሰባ ላይ የማይረዳ ገበሬ የለም።

የሚጫነው ምንድን ነው?

አንድ መንገድ ለሁሉም ዕቃ እኩል አይጠቅምም፤ ብዙ ሪፖርት የሚያልፈው ነገር ይህ ነው። ከባድና ርካሽ የሆነ ዕቃ ከመንገድ ብዙ ያገኛል። አጣና፣ ጭድና ድንች የዚህ ዓይነት ናቸው። ባህር ዛፍ ያለው ገበሬ መኪና ከሚደርስበት ቦታ አንድ ሰዓት ራቅ ካለ፣ ዛፉ የማገዶ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አይሱዙ ደጁ ከደረሰ ግን ያው ዛፍ ለከተማ ግንባታ ይፈለጋል። ቀላልና ውድ የሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቅቤ፣ ድሮም በሰው ጀርባ ገበያ ይደርስ ነበር፤ የሸኖ ለጋ ቅቤ ስሙ የወጣው የቀበሌ መንገድ ከመምጣቱ በፊት ነው። እግር ያለው ዕቃ ደግሞ ራሱን ያጓጉዛል። የመንዝ በግ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ዙሪያ ተነድቶ ገበያ ሲወጣ ጠጠር አይጠይቅም። ስለዚህ በበግ ዋጋ ላይ ትንሽ ለውጥ ብታዩ አትደነቁ።

ሰንጋ ግን እግር እያለውም ከበግ ይለያል። የጅሩ ሰንጋ ለፋሲካና ለገና ተቀልቦ የሚወጣ፣ በአዲስ አበባ ስሙ የታወቀ ከብት ነው። ወራት ሙሉ ቤት ውስጥ ታስሮ፣ ባቄላና ገለባ፣ ጓያና አተላ እየቀረበለት ሥጋ ይሠራል። አንድ የጅሩ አርቢ ጎረቤት ለጎረቤት እንደምንጫወት ሆነው እንዲህ አሉኝ፦ "እቴ፣ በእግሩ የሄደ እንደሆነ ያበላሁትን ሁሉ መንገድ ላይ ጥሎት ነው የሚደርሰው።" በመኪና ሲጫን ሥጋውን ይዞ ይደርሳል። ነጋዴው መጥቶ ጎኑን ሲዳብስ፣ ሻኛውን ሲጨብጥ፣ ወገቡ ላይ መዳፉን ሲዘረጋ የሚገምተው ኪሎውን ነው፤ መኪና ቅርብ ከሆነ "መንገድ ላይ ይከሳል" ብሎ የሚቀንሰው ይቀራል። ስለዚህ ለሰንጋ ሁለት ነገር መዝግቡ፤ ከበረቱ የተሸጠበትን ዋጋና ገዢው በረቱ ድረስ መጥቶ እንደሆነ ወይም ባለቤቱ ገበያ ወስዶት እንደሆነ። ገዢው በረት ድረስ መምጣት ከጀመረ፣ ገበሬው ዋጋ ካልተስማማው አስሮት ማሳደር ይችላል። ገበያ መሐል ቆሞ ከሚሸጥ ሰው ይልቅ ቤቱ ሆኖ የሚሸጥ ሰው አንገቱ ቀና ነው።

ወተት የሰዓት ጉዳይ ነው። በጫጫና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላለ ላም አርቢ ኪሎ ሜትሩን አትጠይቁት፤ ወተቱ ከታለበ በስንት ሰዓት ሰብሳቢው ጋ እንደሚደርስና በሳምንት ስንት ጊዜ ተበላሽቶ እንደተመለሰበት ጠይቁ። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማንጎም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። በቀወት የሚመረተው ማሾ ግን ደረቅና የማይበላሽ ስለሆነ መንገድ ቢዘገይም ይጠብቃል።

መንገድ ወደ ውስጥም ያስገባል

በመንገዱ የወጣውን ብቻ ሳይሆን የገባውንም ቁጠሩ። ከከተማ የሚመጣው የጨው፣ የዘይት፣ የሳሙና፣ የቆርቆሮና የማዳበሪያ ዋጋ መውረዱ ገቢ ነው፤ ገበሬ ሸማችም ነውና። ነገር ግን የፕላስቲክ ጀሪካን የጫነ መኪና የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ከገበያ ያወጣል። ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በመጣ ቁጥር የመንዙ ባና ሸማኔ ደንበኛ ይጎድልበታል። በአካባቢያችሁ ያሉትን ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ አማካዩ ውስጥ ሰምጠው ይቀራሉ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ የተለየ ገጽ አስይዛለሁ።

መንገደኛ የሚያልፋቸው ከተሞችም አሉ። ደብረ ሲና ቆሎ የሚታወቀው አውቶቡስ ስለሚቆም ነው። መኪናው ገና ሳይቆም መስኮቱ ሥር ደርሰው ቆሎውን ከፍ አድርገው የሚይዙትን ሴቶችና ልጆች የወሎን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጉዞው ካጠረና መንገደኛው ምሳውን ሌላ ከተማ ከበላ፣ የምትጎዳው እዚያ ያለችው ቆሎ ቆዪ ናት፣ ከእሷም ጀርባ ሽንብራና ገብስ የሚሸጥላት ገበሬ። በቻይና አውራ ጎዳናዎች ትላልቅ ከተሞችን ሲያገናኙ መሐል ላይ የቀሩት ትንንሽ ወረዳዎች የኢንዱስትሪ ዕድገታቸው እንደቀነሰ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ከተማችሁ የመንገዱ መድረሻ ናት ወይስ ማለፊያ? ማለፊያ ከሆነች የቆሙትን አውቶቡሶች ቁጠሩ፤ ያለፉትን አይደለም።

መሬትና ጉልበት

ሰው ስለ መንገዱ በልቡ የሚያስበውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የመሬት ኪራይ ጠይቁ። ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ጥማድ በኮንትራት ስንት ይሄዳል? ተመሳሳይ አፈር ሆኖ አንድ ሰዓት ራቅ ያለውስ? መንገዱ ከመምጣቱ በፊት ልዩነቱ ስንት ነበር? ኪራዩ ከጨመረ፣ ተከራዩ ከመንገዱ ትርፍ እንዳየ ማስረጃ ነው። ሌላም ነገር ያሳያል። ጥቅሙ እየሄደ ያለው መሬት ላለው ሰው ነው። መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው ወጣት እህሉን በተሻለ ዋጋ ቢሸጥም ኪራዩ ያንን ጭማሪ ሊበላበት ይችላል። ባሏ የሞተባትና መሬቷን የምታከራይ ሴት ደግሞ ከሁሉ በላይ ልትጠቀም ትችላለች፤ ውሉ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ከተመዘገበ። በቃል ከሆነ ጭማሪውን አታገኘውም። ስለዚህ ኪራዩን ስትጠይቁ ውሉ የተጻፈ መሆኑንም ጠይቁ።

ጉልበትን በአጨዳ ደመወዝ ለኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን በየዓመቱ መዝግቡ። መንገድ ወጣቱን ደብረ ብርሃን ለግንባታና ለፋብሪካ ሥራ ካስወጣው የአጨዳው ክፍያ ይንራል። ትልቁ ገበሬ ያማርራል፤ ሠራተኛው ግን የመንገዱን ጥቅም ያገኘው በዚህ በኩል ነው። ሁለቱንም ጠይቁ።

ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ግልጽ ስለሆኑ ብዙ አልልም፤ የጤና ጣቢያው የወሊድ መዝገብና የትምህርት ቤቱ የመምህራን ስም መቆጣጠሪያ በቂ ነው።

የማይቆጠር ነገር

በግንባታው ጊዜ የፈሰሰውን ገንዘብ የመንገዱ ውጤት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የካምፑ የቤት ኪራይ፣ ለተነሺዎች የተከፈለው ካሳ፣ ያን ጊዜ የተከፈቱት ምግብ ቤቶች፤ ይህ ሁሉ ግሬደሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ካሳ ጭራሽ ገቢ አይደለም፤ ማሳ በገንዘብ ተለውጦ ነው። ስለዚህ የግንባታውን ዓመታት በደብተሩ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉባቸውና ከስሌቱ አውጧቸው።

ሌላው መንገድ ብቻውን ሠራው የሚባለው ታሪክ ነው። "ደብረ ብርሃንን እዩ፣ አስፋልት ፋብሪካ አመጣ" ሲባል እሰማለሁ። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጣርማ በርን በዋሻ ሰንጥቆ ያለፈው ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ነው። በንጉሡ ዘመን ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በስተቀር፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጡት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ብዙ ቆይተው ነው። መንገዱ እዚያው ነበር። የተጨመሩት መብራት፣ መሬት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የተለወጠ ፖሊሲና 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ መጥበቧ ናቸው። በተቃራኒው ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፣ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ባቡር ሳይሄድበት ቆይቷል። ሐዲድ መኖሩ የማጓጓዣ ዋጋ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሚሄድበት ባቡር ነው። በቀበሌም እንደዚያው፤ መንገዱ ተሠርቶ መኪና የማይመጣ ከሆነ "መንገድ ገባ" ብላችሁ አትጻፉ።

በጸጥታ ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት የተወሰደ ዋጋ ለብቻው ይቀመጥ። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ የደሴው መንገድ ሲዘጋ የነበረውን ሁላችን እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው ጊዜ ከአማካይ ውስጥ ከገባ ሒሳቡን ያበላሻል። ለብቻው ከተያዘ ግን ከማንኛውም ጥናት በላይ ያስተምራል፤ መንገዱ ሲጠፋ ጨውና ዘይት ምን ያህል እንደጨመረ፣ ሽንኩርትና ወተት ምን ያህል እንደወደቀ፣ መንገዱ የሚያወጣውን ዋጋ ነግሯችኋል።

ነሐሴ ላይ በእግራችሁ ሂዱበት

በጠጠር መንገድ ላይ የመጨረሻው ምርመራ ክረምት ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግር ሂዱ። ውሃ መንገዱን አቋርጦ የሚፈስባቸውን ቦታዎች፣ አፈር የደፈናቸውን ቱቦዎች፣ ገረጋንቲው ታጥቦ ድንጋዩ ያገጠጠባቸውን አቀበቶች ጻፉ። አንድ የተደፈነ ቱቦ ሌላውን ሃያ ኪሎ ሜትር ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ ሹፌር የሚቆርጠው ኪራይ እጅግ በጣም በከፋው ቦታ ልክ ነው። ሹፌሮቹን "የት ላይ ነው የምትፈራው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ይነግሯችኋል። የሐምሌና የነሐሴ ማጓጓዣ ከጥርና ከየካቲቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሆነ አስሉ። ከእጥፍ በላይ ከሆነ መንገዱ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል ተብሎ ቢመረቅም አያስኬድም።

ለጥገና የመንገድ ፈንድ አለ፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ክፍያ ይደገፋል። ነገር ግን የቀበሌ መንገድ ተራው እስኪደርሰው መጠበቅ ከባድ ነው። የጎን ቦይ መጥረግ ግሬደር አይፈልግም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት በአካፋና በዶማ የተጠረገ ቦይ ያለው መንገድና የሌለው መንገድ በመስከረም አይመሳሰሉም። ለምክር ቤት ስታቀርቡ "መንገዱ ይጠገን" ብላችሁ አትጻፉ። የቱቦውን ቦታ፣ ከከተማው ያለውን ርቀት፣ በዚያ ምክንያት ክረምት ላይ በኩንታል የሚጨመረውን ብርና በዓመት ከቀበሌው የሚወጣውን ኩንታል ጻፉ። ሁለቱ ሲባዙ የሚመጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ቱቦውን ከማስከፈቻው ይበልጣል።

ሲጠናቀቅ

ሁሉንም በአንድ ገጽ አውጡት። ከላይ የዋጋ ልዩነቱ የፊቱና የአሁኑ፣ ከጎኑ የማወዳደሪያዋ ቀበሌ። ከሥሩ ልዩነቱ ለእነማን እንደተከፋፈለ። ቀጥሎ የመሬት ኪራይና የአጨዳ ደመወዝ። ከዚያ የተጎዱት፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ፣ በስም ሳይሆን በሙያ። መጨረሻ ላይ የክረምቱ ኪራይና የተደፈኑት ቱቦዎች ዝርዝር። አማካይ ብቻ አትስጡ፤ ከመንገዱ ዳር ያለውንና አንድ ሰዓት የሚርቀውን ለየብቻ አሳዩ። ቁጥሩ የማያስደስት ከሆነም አታሳምሩት።

ገጹን ወረዳ ከመውሰዳችሁ በፊት ለቀበሌው ሰው አንብቡት። የገበያ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ሲሰማ ዝም አይልም፤ እዚያው ያርማችኋል። የታረመውን ገልብጡ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ጸሐፊው ይፈርሙበት፣ አንዱ ቅጂ ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጋር ይቀመጥ። ዋናውን ደብተር ግን አትስጡ፤ በሚቀጥለው ጥር ከዚያው ገጽ ትቀጥላላችሁ።